ሩኪግን ከአሮጌ ዴስክቶፕ ወደ ራስበሪ ፓይ ማሻገርና ፓኬጅ ማድረግ

ገርጂ አካባቢ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት አለ። ቁም ሣጥን፣ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ አልጋ ይሠራሉ። የሲኤንሲ ማሽናቸውን፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ነው፣ የምከታተለው እኔ ነኝ። ማሽኑን ለዓመታት ያንቀሳቅሰው የነበረው አንድ ኮር ቱ ዱዎ ዴስክቶፕ ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ዴስክቶፑ አልተነሣም። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ማሽኑ ዝም ብሏል። የሙሽሮች አልጋ ግማሽ ላይ ቆሟል» አሉኝ።

ዴስክቶፑን ራስበሪ ፓይ 4 በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ለመተካት ወሰንኩ። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም የእንቅስቃሴ ስሌቱን የሚያሠራው ሩኪግ በሚባል ክፍት ምንጭ ላይብረሪ ነው፤ ላይብረሪ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት ዝግጁ ኮድ ነው። ኮዱን ገልብጬ እዚያው ፓይው ላይ ኮምፓይል አድርጌ (ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይሬ) ማታውኑ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያገኘሁትን እናንተ በሁለት ቀን እንድትጨርሱት ነው። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን ስናወራ እንደምንጠራቸው አድርጌ ነው የምጽፋቸው።

ሩኪግ የሚሠራው ሥራ

ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሰውነታችሁ ወደ ፊት ያዘነብላል። ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሆነ ነው። የፍጥነት ለውጥን ፍጥንጥነት እንለዋለን። ግን ልብ ካላችሁት የሚያንገጫግጨው እሱ አይደለም። መኪናው ቀጥ ባለባት ቅጽበት ጭንቅላታችሁ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ፍጥንጥነቱ በአንድ ጊዜ ዜሮ ስለገባ ነው። የፍጥንጥነት ለውጥ ደግሞ ጀርክ ይባላል። ጎበዝ ሾፌር ሊቆም ሲል ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ተሳፋሪው መኪናው መቆሙ እንኳ አይታወቀውም።

ሩኪግ ያ ጎበዝ ሾፌር ነው። ለእያንዳንዱ ዘንግ፣ ማሽኑ ለሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ፣ አሁን ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነትና ፍጥንጥነት ትሰጡታላችሁ። መድረሻውን ትነግሩታላችሁ። የፍጥነት፣ የፍጥንጥነትና የጀርክ ጣሪያ ታስቀምጡለታላችሁ። እሱ ጣሪያውን ሳያልፍ በአጭር ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዞ ያሰላል። መድረሻውን መሃል ላይ ብትቀይሩበት ካለበት ተነሥቶ እንደገና ያሰላል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በጀርመንኛ ሩኪግ ማለት እየተንገጫገጨ የሚሄድ ነገር ነው። የጻፈው ላርስ ቤርሻይድ ነው። ከቶርስተን ክሮገር ጋር ሆኖ ስሌቱን የሚያብራራውን ጽሑፍ በ2021 አውጥቷል። ክሮገር ከዚያ በፊት ሪፍሌክስስ የተባለውን የዚሁ ዓይነት ላይብረሪ የሠራ ሰው ነው።

እንጨት ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጀርኩ ያልተገደበ ማሽን ኤምዲኤፍ ሲቆርጥ ማዕዘኑ ላይ ጥቃቅን ጥርስ ይተዋል። ቀለም ሲቀባ ጥርሱ ጎልቶ ይወጣል። ጋሼ ጣታቸውን አስሮጠው ያገኙታል።

ከኮዱ በፊት ፈቃዱ

ሩኪግ በኤምአይቲ ፈቃድ ነው የተለቀቀው። መለወጥ፣ ማሸግ፣ ከሚሸጥ ማሽን ጋር ማስረከብ ይቻላል፤ የባለቤትነት ማስታወቂያው አብሮ እስከተጓዘ ድረስ። ሌሎቹ እንደዚህ አይደሉም። የሪፍሌክስስ ሁለተኛው ዓይነት በኤልጂፒኤል ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የሲኤንሲ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጂአርቢኤል ደግሞ በጂፒኤል 3 ነው፤ ለውጣችሁን ለደንበኛው ከሰጣችሁ ምንጭ ኮዱንም የማግኘት መብት አለው። የማሸግ ሥራ ውስጥ ኮፒራይት የሚባል ፋይል ስላለ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ የትኛው ፋይል በማን ፈቃድ እንደሆነ ያዙት። ምንጭ ኮዱ ውስጥ የሌላ ሰው ኮድ የተቀመጠበት ፎልደር ካለ ለብቻው ይጻፋል።

አንድ ነገር ግን ከፈቃድ በላይ ነው። የሩኪግ ነጻ ቅጂ መነሻና መድረሻ መካከል ያሉ መተላለፊያ ነጥቦችን ራሱ አያሰላም፤ በኢንተርኔት ወደ ሰርቨር ልኮ ነው የሚያሰላው። የኮምፓይሉን ሥራ የሚመራው ሲሜክ ውስጥ ክላውድ ክላይንት የሚል ምርጫ አለ። አጥፉት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሃል እንጨት ላይ የሚቆም ማሽን ማንም አይፈልግም። መተላለፊያ ነጥብ ካስፈለጋችሁ ጉዞውን በራሳችሁ ፕሮግራም ቆራርጡት።

አሮጌው ማሽን ምን ይል እንደነበር ያዙ

አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየሠራ ሳለ 400 ጉዞዎችን አስልቶ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጌ ነበር። አጭር፣ ረጅም፣ ወደ ኋላ የሚመለስ፣ መሃል ላይ መድረሻው የሚቀየር። ዴስክቶፑ ሲሞት ሃርድ ዲስኩ ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ፋይል ባይኖር አዲሱ ማሽን ትክክል መሥራቱን የማውቀው እንጨት በማበላሸት ነበር።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ቁጥሮቹን ስትጽፉ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ብቻ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። አንድ ደብል ቁጥር ተጽፎ ሲነበብ ያው ራሱ ሆኖ እንዲመለስ 17 ዋና አሃዞች ይፈልጋል። ወይም በአሥራ ስድስት መደብ አጻፍ አውጡት፤ ምንም አይጠፋም።

ቀጥሎ የኮምፓይል ትእዛዙን አጽዱ። አሮጌው ፕሮግራሜ ውስጥ «ማርች ኔቲቭ» የሚል ነበር። «ይህ ፕሮሰሰር የሚያውቀውን ሁሉ ተጠቀም» ማለት ነው። ለራስ ማሽን ያፈጥናል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊጫን ለሚታሸግ ፓኬጅ ግን መርዝ ነው። በእናንተ ላፕቶፕ የታሸገው፣ ዕድሜው ከፍ ያለ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይሞታል።

ከዚያ የባሰው «ፋስት ማዝ» ነው። ኮምፓይለሩ ቁጥር ያልሆነ ውጤት፣ ናን የምንለው፣ ፈጽሞ እንደማይመጣ አድርጎ እንዲያስብ ይፈቅድለታል። ስለዚህ «ይህ ናን ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄያችሁን ከኮዱ ላይ ይሰርዘዋል። ሩኪግ የተሰጠውን ግብዓት መርምሮ ስህተት ካለ የሚመልሰው እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ነው። ጥያቄው ሲሰረዝ ናኑ እስከ ሞተሩ ድረስ ይሄዳል። ሌላም አለ። ከጂሲሲ ኮምፓይለር 13 በፊት በነበሩት ቅጂዎች፣ ኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ በፋስት ማዝ የተሠራ የጋራ ላይብረሪ ሲጫን የጠቅላላውን ፕሮግራም የቁጥር አሠራር ይቀይራል። እጅግ ጥቃቅን ቁጥሮች ዜሮ ይሆናሉ፤ ላይብረሪውን በማይመለከተው ኮድ ውስጥ ሳይቀር። የእንቅስቃሴ ቁጥጥር ላይ ይህን ምርጫ አትጠቀሙ። የምታተርፉት ማይክሮ ሰከንድ አይከፍልም።

አሥራ አምስተኛው አሃዝ

ኮዱን አጽድቼ ፓይው ላይ ኮምፓይል አደረግኩ። አለፈ። ከዚያ 400ዎቹን ጉዞዎች አስልቼ ከድሮው ፋይል ጋር ቢት በቢት አነጻጸርኩ። ከግማሽ በላይ ወደቁ። ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ አሥራ አምስተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ አሃዝ ላይ ነው። ሦስት ሌሊት ኮዱን አገላበጥኩት።

ኮዱ ላይ ምንም ስህተት የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቁጥር አባዝቶ ሦስተኛ መደመር በአሮጌው ፕሮሰሰር ሁለት እርምጃ ነው። ብዜቱ ይጠጋጋል፣ ድምሩ ደግሞ እንደገና ይጠጋጋል። የፓይው ዓይነት ፕሮሰሰር፣ 64 ቢት ኤአርኤም፣ ግን ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ ኤፍኤምኤ ይባላል። የሚያጠጋጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጂሲሲ ካልከለከላችሁት በስተቀር ይህን ትእዛዝ ባገኘበት ይጠቀማል። ስለዚህ የፓይው መልስ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይበልጥ ትክክል ነው። አንድ ዓይነት ግን አይደለም።

የመጣሁበትን ለማረጋገጥ «ኤፍፒ ኮንትራክት ኦፍ» ብዬ ኮምፓይል አደረግኩት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ገጠሙ። ምክንያቱን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ምርጫውን መልሼ አነሣሁት፤ ትክክል የሆነውን መልስ ከአሮጌው ጋር ለማስመሰል ማበላሸት አልፈለግኩም።

ታዲያ በምን እንለካ? መለኪያው ያለው ማሽኑ ላይ ነው። የእኛ ሞተር አንድ ዙር 200 እርምጃ ነው። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ 8 ቦታ ይከፍለዋል፤ 1600 ይሆናል። ቦል ስክሩው በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ የሚያውቀው ትንሹ ርቀት 0.003125 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ በታች ያለውን ልዩነት ሞተሩ አያየውም። የእኔ ፍተሻ አሁን የሚፈቅደው ልዩነት የዚህን አንድ ሺህኛ ነው። አሥራ አምስተኛው አሃዝ ከዚያ እጅግ ይርቃል። እናንተም የራሳችሁን ማሽን አስሉ። ቁጥሩን ከሌላ ሰው ኮድ አትገልብጡ።

ልዩነትን መለካት ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ «ይህ ከዜሮ ያንሳል?» የሚሉ ብዙ መንታ መንገዶች አሉ። ዜሮ አፋፍ ላይ ያለ ቁጥር በአሥራ አምስተኛው አሃዝ ምክንያት ወደ ሌላው መንገድ ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ጉዞ ትክክል ሆኖ ሳለ መሃሉ ላይ ይለያያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ነገር ፈትሹ። መድረሻው ላይ ደርሷል? ፍጥነቱ፣ ፍጥንጥነቱና ጀርኩ ከጣሪያው አላለፉም? ከአንዱ የስሌት ዙር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ቦታውና ፍጥነቱ ሳይዘሉ ተያይዘዋል? ሦስቱ ካለፉ ቁጥሩ ከድሮው ጋር ባይገጥምም ጉዞው ጤነኛ ነው። እኔ እነዚህን በሺዎች ለሚቆጠሩ የዘፈቀደ ጉዞዎች ሌሊቱን አሠርቼ ነው ያደርኩት።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ኤአርኤም ላይ «ቻር» የሚባለው ዓይነት ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ኢንቴል ላይ ይወርዳል። የእኔ ኮድ ከማይክሮ ኮንትሮለሩ፣ ሞተሮቹን ከሚያዝዘው ትንሽ ቺፕ፣ የሚመጣውን ባይት በቻር ተቀብሎ «ከዜሮ ካነሰ ስህተት ነው» ይል ነበር። ፓይው ላይ ስህተቱ ተደብቆ ቀረ። «ኢንት8» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ሰዓት የምታነቡት በኢንቴል ትእዛዝ ከሆነ ወደ «ክሎክ ሞኖቶኒክ» ቀይሩት። ፓራሌል ፖርት ላይ በቀጥታ የሚጽፍ አሮጌ ኮድ ካላችሁ እሱ አይሻገርም። ያ ሥራ ወደ ማይክሮ ኮንትሮለር ይሂድ።

የእኛ ማሽን ላይ ያደረግሁት እሱን ነው። ትልቁ ፍጥነታችን በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያ ለሞተሩ በሰከንድ 32,000 የእርምጃ ምት ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ የሚሮጥ ተራ ፕሮግራም ይህን ያህል ምት ሳያዛባ አይሰጥም። ስለዚህ ፓይው በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ሩኪግን ጠርቶ ቀጣዩን ቦታ ያሰላል። በዚያች ሚሊ ሰከንድ የሚሰጡትን 32 ምቶች አከፋፍሎ የሚሰጠው ማይክሮ ኮንትሮለሩ ነው።

የሚሊ ሰከንዷ ቀጠሮ

ስሌቱ ትክክል ሆኖ በሰዓቱ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ቅጽበታዊ ሥራን፣ በቀጠሮው ሰዓት መድረስ ያለበትን፣ የሚያስችለው ፕሪኤምፕት አርቲ ለረጅም ዓመታት ከሊኑክስ እምብርት፣ ከከርነሉ፣ ውጭ በፓች (ኮዱ ላይ በሚለጠፍ ለውጥ) ይሰጥ ነበር። ከ6.12 ጀምሮ፣ በ2024፣ ዋናው ከርነል ውስጥ ገብቷል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለ64 ቢት ኤአርኤም የተዘጋጀ የአርቲ ከርነል ፓኬጅ አለው። ዴቢያንን ፓይው ላይ ከጫናችሁ እሱን መጠቀም ይቀላል።

ፕሮግራማችሁ ሜሞሪውን ይቆልፍ፤ «ኤምሎክኦል» ይባላል። በ«ስኬድ ፊፎ»፣ ከተራ ፕሮግራሞች በሚቀድም፣ ቅድሚያ ይሩጥ። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከፍና ዝቅ እንዳይል «ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉት። ከዚያ ፓይው ከቀጠሮው ምን ያህል እንደሚዘገይ በ«ሳይክሊክቴስት» ለኩ። ስትለኩ ፓይው ሥራ ፈቶ አይቀመጥ። ፋይል እየገለበጠ፣ ኔትወርኩ እየሠራ፣ ስክሪኑ በርቶ፣ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት። የምታዩት አማካዩን ሳይሆን የከፋውን ቁጥር ነው። የከፋው ከ1 ሚሊ ሰከንድ ዙራችሁ ውስጥ ትንሽ ክፍል ካልሆነ ሞተር አታገናኙ።

አሁን ማሸግ

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ፋይሎቹን ያለ ፓኬጅ በቀጥታ በሚገለብጠው «ሜክ ኢንስቶል» ያበቃል። ለምን እንደማይበቃ በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ላይ ሩኪግን ፓይው ላይ በ«ሜክ ኢንስቶል» ጭኜ ነበር። ፋይሎቹ «ዩኤስአር ሎካል» ሥር ገቡ። ከሳምንት በኋላ አዲስ ቅጂ አውርጄ ፓኬጅ ሠራሁና ጫንኩት። ያ «ዩኤስአር» ሥር ገባ። ፕሮግራሜን እንደገና ኮምፓይል አደረግኩ፤ አንድም ማስጠንቀቂያ የለም። የሞተሮቹን መብራት አጥፍቼ በደረቁ አሠራሁት። ሁለተኛው ዘንግ ላይ የማይመስል የፍጥነት ቁጥር ይወጣል። መጀመሪያ ሚሊዮኖች፣ ከዚያ ዜሮ፣ ከዚያ ሌላ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ኮምፓይለሩ ሄደር፣ የላይብረሪውን መግለጫ የያዘውን ፋይል፣ ሲፈልግ «ዩኤስአር ሎካል»ን ያስቀድማል። ስለዚህ ያነበበው የአሮጌውን ቅጂ ሄደር ነው። ያገናኘሁት ግን ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር ነው፤ ሙሉ መንገዱን ጽፌለት ነበር። የሩኪግ ዋና ክላስ ቴምፕሌት ነው። የዘንጎቹ ቁጥር በቴምፕሌቱ ይሰጣል፤ ስለዚህ የኮዱ ትልቅ ክፍል ያለው ሄደር ውስጥ ነው፤ የሚገባውም ወደ እናንተ ፕሮግራም ነው። የስሌቱ ከባድ ክፍል ብቻ ላይብረሪው ውስጥ ይቀራል። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል አንድ መስክ፣ አንድ የመረጃ ቦታ ማለት ነው፣ ተጨምሯል። ፕሮግራሜ ፍጥነት አለ ብሎ የሚያነበው ቦታ ላይ አዲሱ ላይብረሪ ሌላ ነገር ጽፏል። የሁለቱም የተግባር ስሞች አንድ ስለሆኑ አገናኙ (ሊንከሩ) ምንም አላለም። ሞተሩ ኃይል ቢኖረው ኖሮ መቁረጫውን የተሸከመው ድልድይ ከማሽኑ ጫፍ ጋር ይጋጭ ነበር። እጄ እዚያ አካባቢ ነበር።

ፓኬጅ የሚያድነው ከዚህ ነው። አንድ ቅጂ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሄደሩና ላይብረሪው አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ «ዩኤስአር ሎካል» ሥር ያለውን የድሮ ሩኪግ ፈልጎ ማጥፋት ነው። ሄደሩን፣ ላይብረሪውን፣ የሲሜክ ፋይሉን፤ ሦስቱንም።

ሁለት ፓኬጅ ይወጣል። አንዱ ላይብረሪው ብቻ ያለበት፣ ማሽኖቹ ላይ የሚጫነው ነው። ሌላው ስሙ በ«ዴቭ» የሚያበቃ፣ ሄደሮቹንና የሲሜክ ፋይሎቹን የያዘ፣ ኮምፓይል የሚደረግበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚጫን ነው። የዴቩ ፓኬጅ ላይብረሪውን የሚፈልገው «በትክክል በዚህ ቅጂ» በሚል ነው፤ «ከዚህ በላይ» አይደለም። ያቺ የእኩል ምልክት ከላይ የነገርኳችሁን አደጋ ትዘጋለች።

ሶኔም የሚባለውን አትርሱ። ላይብረሪው በውስጡ የሚይዘው፣ ፕሮግራም ሲነሣ የሚፈልገው ስም ነው። ሲሜክ ውስጥ «ሶቨርዥን» የሚል መስመር መኖሩን አረጋግጡ፤ ብዙ ላይብረሪዎች አይጽፉትም። ከሌለ፣ ሙሉውን የቅጂ ቁጥር ስሙ ውስጥ አስገቡት፤ የፓኬጁም ስም ውስጥ ይግባ። ሲ ፕላስ ፕላስ ቴምፕሌት ያለበት ላይብረሪ ላይ «ትንሽ ቅጂ ስለሆነ ይገጥማል» የሚል ግምት አይሠራም። አዲስ ቅጂ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ አድካሚ ነው። ግን የታወቀ ድካም ነው። የሲምቦል ዝርዝር እየያዙ መግጠሙን መከታተልም ይቻላል። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ላይብረሪ አልመክረውም፤ ያየሁትን የመስክ መጨመር የሲምቦል ዝርዝር አያሳይም።

ዴቢያን የሚባለው ፎልደር ውስጥ የሚገቡት ፋይሎች ጥቂት ናቸው። «ኮንትሮል» የፓኬጆቹን ስምና የሚፈልጉትን ነገር ይዘረዝራል። የማሸጊያ መሣሪያውን ዴብሄልፐር፣ በተኳኋኝነት 13፣ እና ሲሜክን እዚያ ጥቀሱ። ላይብረሪውን «መልቲ አርች ሴም» በሉት፤ ፋይሎቹ በፕሮሰሰሩ ዓይነት ስም በተሰየመ ፎልደር ሥር ይገባሉ። ምንጭ ኮዱ የሲሜክን «ጂኤንዩ ኢንስቶል ዲርስ» የማይጠቀም ከሆነ ይህን የምታስተካክሉት በፓች ነው። «ሩልስ» የሚባለው ለእኔ ከአሥር መስመር አይበልጥም፤ ሥራውን ሁሉ ለዴብሄልፐሩ ትእዛዝ ለዲኤች አስረክቦ፣ ክላውዱን አጥፋ፣ ፍተሻውን ሥራ፣ የጋራ ላይብረሪ አድርግ ይላል። «ቼንጅሎግ» ቀንና ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አትሰስቱ። ከስድስት ወር በኋላ ለምን እንደቀየራችሁት የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ለውጣችሁን ምንጭ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ አትጻፉ። እያንዳንዱን ለብቻው ፓች አድርጉት፤ ራስጌው ላይ ለምን እንደተሠራና ለላይብረሪው ባለቤቶች ተልኮ እንደሆነ ጻፉ። ሌላ ሰውን የሚጠቅመውን ላኩላቸው። የተቀበሉት እያንዳንዱ ፓች በሚቀጥለው ቅጂ ከእናንተ ትከሻ ይወርዳል።

ከዚያ በንጹሕ ክፍል ውስጥ አሽጉት። «ኤስቢልድ» ወይም «ፒቢልደር» ምንም ያልተጫነበት ባዶ ዴቢያን ፈጥረው እዚያ ውስጥ ይሠሩታል። የእኔ ፓኬጅ በራሴ ላፕቶፕ አልፎ እዚያ ውስጥ ወደቀ። የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ኮንትሮል ላይ አልጻፍኩም ነበር፤ ላፕቶፔ ላይ ግን ድሮውኑ ተጭኗል። ንጹሑ ክፍል የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ነው። ሲያልፍ የፓኬጅ ስህተት በሚፈልገው «ሊንቲያን» አስመርምሩት።

ፓይው ላይ በቀጥታ የምታሽጉ ከሆነ አራቱንም ኮር አታሠሩ። ቴምፕሌት የበዛበት ኮድ ሜሞሪ ይበላል፤ ሜሞሪው ሲያልቅ ኮምፓይለሩ ያለ ምክንያት የሞተ ይመስላል። ሁለት በቂ ነው። ላፕቶፕ ላይ ለኤአርኤም ማሸግም ይቻላል። ይፈጥናል፤ ግን ፍተሻው እውነተኛው ፓይ ላይ ይሠራ። ሌላ ፕሮሰሰር በሚያስመስለው ኪውኢኤምዩ የሚሮጥ ፍተሻ ስሌቱን ያሳያችኋል እንጂ ሰዓቱን አያሳያችሁም።

የመጨረሻው ፍተሻ ሰው እንደሚጠቀምበት ሆኖ መጠቀም ነው። ባዶ ዴቢያን ላይ የዴቩን ፓኬጅ ጫኑ። ሃያ መስመር የምትሆን ፕሮግራም ጻፉ፤ ሦስት ዘንግ፣ አንድ መድረሻ፣ እስኪደርስ ድረስ የሚዞር ሉፕ። ሲሜኩ ሩኪግን በስሙ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህን ፍተሻ «ኦቶፒኬጂቴስት» ውስጥ አስገቡት፤ ከእያንዳንዱ እሸጋ በኋላ እንዲሠራ አድርጉት። ከዚያ ፓኬጁን አውጡና ምንም ፋይል እንዳልቀረ እዩ።

ከፍላሽ ወደ ማሽን

የቅጽበታዊ ሥራ ፈቃዶችን፣ የትኛው ተጠቃሚ ስንት ቅድሚያ እንደሚያገኝ፣ ላይብረሪው ፓኬጅ ውስጥ አትጨምሩ። ላይብረሪ ስሌት ነው። የማሽኑን ነገር በማሽኑ ፕሮግራም ፓኬጅ ውስጥ አድርጉት። ሁለተኛ ማሽን ሲመጣ ላይብረሪው ሳይነካ ይሄዳል።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ ፓኬጆቹን ከሚፈልጓቸው ጥገኞቻቸው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አውርጄ፣ በ«ዲፒኬጂ ስካንፓኬጅስ» ዝርዝር አውጥቼላቸው ፍላሽ ላይ አደረግኩ። የዴቢያን ፓኬጅ ጫኝ አፕት ያን ፎልደር እንደ ሱቅ ቆጥሮ ከዚያው ይጭናል። ለሙከራ የሠራችሁት ቅጂ ከሆነ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የቲልድ ምልክት (~) እና አንድ ቁጥር ጨምሩበት። ቲልድ ያለበት ከሌለው በፊት ይቆጠራል፤ ዋናው ቅጂ ሲመጣ ያለ ክርክር ይተካዋል።

የተጫነ ቀን ሞተሮቹን አጥፍቼ አንድ ሙሉ የቁም ሣጥን በር በደረቁ አስኬድኩት። ቀጥሎ ሞተሮቹን አብርቼ፣ መቁረጫውን አንሥቼ፣ በአየር ላይ። ከዚያ በቁራጭ ኤምዲኤፍ። ጋሼ ማዕዘኑን በጣታቸው ዳሰሱና ዝም አሉ። ከዚያ «መብራት ሄዶ ይኸኛውም ቢሞትስ?» አሉኝ።

«ሌላ ፓይ ይገዛሉ። ከርነሉን ጨምሮ ሁሉ ነገር ፍላሹ ላይ አለ» አልኳቸው። ፍላሹ አሁን የኤሌክትሪክ ሣጥኑ በር ላይ በምስማር ተሰቅሏል። ከሥሩ የተለጠፈች ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ የላይብረሪው ቅጂ ቁጥር፣ የፕሮግራሙ ቅጂ ቁጥር፣ የሚጻፈው አንድ የአፕት ትእዛዝ። ባለፈው ወር ልጃቸው አዲስ ኤስዲ ካርድ ላይ ሳይደውልልኝ ጭኖታል።